“ሙያ፦ የለውም”፤ ስለ ሸማኔ አባቶቻችን



ባለፈው ዓመት አባታችን ለአንድ ጉዳይ የድሮ ወረቀት ስለተጠየቁ እኛ ልጆቻቸው ተሰብስበን ከቁም ሣጥኑ በላይ የምትቀመጠውን ሻንጣ አወረድን። እናታችን ወረቀት ጥለው አያውቁም። የክትባት ካርዱ፣ የኡልፓን ደብተሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተከፈለ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር ተቀምጧል። ከዚያ መካከል እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን እንደመጣን በመርካዝ ክሊታ የተሞላ አንድ ቅጽ ወጣ። ስም፣ የልጆች ብዛት፣ የመጣንበት አውራጃ፣ ሁሉም በዕብራይስጥ በእጅ ተጽፏል። “ሙያ” በሚለው መስመር ላይ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ “የለውም”።

እኛ ተናደድን። “ይኸው፣ ያኔም እንዲህ ነበር የሚያዩን” ተባባልን። አባታችን ግን ሳቁ። “ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? እኔው ነኝ ያስጻፍኩት” አሉ። “አስተርጓሚው ‘ሥራዎ ምን ነበር?’ ብሎ ሲጠይቀኝ ልጁን አየሁት፤ ያው ያገራችን ልጅ ነው። ከኋላዬ ደግሞ የማላውቀው ሰው ሁሉ ተሰልፏል። እዚያ መሐል ቆሜ ሸማኔ ነኝ ልበል? ‘ምን ሥራ አለ ብለህ ነው’ አልኩና እጄን አወናጨፍኩ። እሱም ‘የለውም’ ብሎ ነገራት።”

ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጉድጓድ ጫፍ ተቀምጠው ነጠላና ጋቢ የሠሩ ሰው ናቸው። ኢየሩሳሌም ምድር ገብተው፣ ማንም የማይሰድባቸው ቦታ ቆመው፣ ያችን ቃል ከአፋቸው ማውጣት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽማግሌዎችን ጠየቅን። በሥራችን ምክንያት በየከተማው ያሉ የሽማግሌዎች ቤት እንገባለን፤ ቡና ተጠጥቶ ጨዋታ ሲጀመር “አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?” እንላለን። መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ “ገበሬ” ነው። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው “አይ፣ ሽመናም እሞክር ነበር” የሚሉት። ታዲያ ይህ “እሞክር ነበር” ከየት መጣ? ዛሬ ልንጽፍላችሁ የፈለግነው ይህንን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክር ሳይሆን ከመሬት ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲያወርሱን እንደሰማነው፣ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት በአፄ ይስሐቅ ዘመን አያቶቻችን ከንጉሡ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት አይውረስ ተባለ። ርስት ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጆቻችን ማስረዳት ይቸግራል። እዚህ አገር “ታቡ” ላይ የተመዘገበ መሬት እንደሚሉት ነው ብንላቸው ትንሽ ይቀርባል፤ ግን ርስት ከዚያም ይበልጣል። ርስት ያለው ሰው በሸንጎ ይናገራል፣ በሠርግ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ዘሩ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አዋጅ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በስሜን ተራሮች የነበሩት ወገኖቻችን ከዚያም በኋላ ወደ 200 ዓመት ገደማ ራሳቸውን ችለው ሲዋጉ ኖረዋል። የመጨረሻው ሽንፈት የደረሰው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መሬቱ በየዘመኑ እየተቆረሰ ሄደ። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ ሁለት መንገድ ነው ያለው፦ የሰው መሬት በእርቦ፣ በሲሶ ወይም በእኩል ማረስ፣ አለዚያም በእጁ ሠርቶ መብላት። አባቶቻችን ሁለቱንም አደረጉ። ስለዚህ “ገበሬ ነበርን” የሚሉት ሽማግሌዎች አልዋሹም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የአባቶቻችን እጅ ተፈለገ። ግንበኛ፣ አናጢ፣ ብረት ሠሪ ሆነው ነገሥታቱን አገለገሉ፤ ጥሩ የሠራ ማዕረግም መሬትም ያገኘበት ጊዜ ነበር። ያም ሆኖ የፋሲል ልጅ ቀዳማዊ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1668 ቤተ እስራኤልም እስላሙም ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ አዘዙ። እጃችን ይፈለጋል፣ ጉርብትናችን አይፈለግም ማለት ነው። ከዚያ ዘመነ መሳፍንት መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1855 የጎንደር ነገሥታት ለስም ብቻ ሲቀመጡ ግንብ የሚያስገነባ ጠፋ። ግንበኛው ወደ ገጠር ተበተነ። ገጠር ደግሞ ግንብ አይፈልግም፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ድስት፣ ነጠላ ነው የሚፈልገው። ወንዶቹ ከወናፍና ከመወርወሪያ፣ ሴቶቹ ከሸክላ ጋር የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሽመና የኛ ብቻ ነበር ለማለት አይደለም። በጎንደር ከተማ እስላሞቹም የታወቁ ሸማኔዎች ነበሩ፤ በደቡብ በኩል የዶርዜ ሰው በሽመና ስሙ የገነነ ነው። ልዩነቱ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜንና በበለሳ ገጠር ለሚኖር ገበሬ “ሸማኔው” ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የኛ ሰው መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ሥራው እንናገር፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ፈጽሞ አያውቁትምና።

ጥጥ ከደጋ አይበቅልም። ከቆላ፣ ከሁመራና ከመተማ በኩል በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ከዚያ ሥራው የሴቶቹ ነው። ፍሬው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት እየተዳመጠ ይወጣል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየተመታ ጥጡን ሲያነፍሰው እንደ ደመና ይሆናል፣ ያ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። እናታችን “ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ፈትዬ ስጨርስ ክረምቱ አልቋል” ይላሉ። ሴት እጇ አያርፍም ነበር፤ ልጅ አዝላም፣ ወጥ እየጠበቀችም፣ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስም እንዝርቷ አብሯት ነው። የሸማኔ ታሪክ ሲነገር ወንዱ ብቻ ይወሳል። በጊዜ ከለካነው ግን ከአንድ ጋቢ አብዛኛው የሴት ሥራ ነው።

ክሩ ሲደርስ ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ያደራል፤ ካስማ መሬት ላይ ተክሎ፣ ከካስማ ካስማ እየተመላለሰ ክሩን ይዘረጋል። አባታችን እንደሚሉት አንድ ድር ለማድራት የሚኬደው መንገድ ገበያ ደርሶ ከመመለስ አይተናነስም። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ነው። ሸማኔ ወንበር የለውም። መሬቱ ይቆፈርና ከጫፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ታች በእግሩ ድሩን ከላይና ከታች ይከፍላል፣ በተከፈተው መሐል ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም የያዘውን መወርወሪያ በአንድ እጁ ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል፣ ማጉን መትቶ ያጠብቃል። እግር፣ እጅ፣ እጅ፣ ምት። ይህ ከማለዳ እስከ ማታ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን መወርወሪያው ይቀመጣል፤ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት። ባለጉዳዩ ምንም ቢቸኩል፣ ሠርጉ እሑድም ቢሆን፣ ቅዳሜ ድር የሚነካ አልነበረም።

የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ነው። ስለዚህ ይቆረጥና ጎን ለጎን ይሰፋል፣ ይደረባል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት። ቡልኮ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለስሜን ብርድ የሚሆነው እሱ ነው። ጥበብ ያለው ቀሚስ ለሠርግና ለበዓል ነው። ከጊዜ በኋላ የፋብሪካ ክር ገጠር ሲገባ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ጀመረ። የፋብሪካው ክር እኩል ስለሆነ በድርነት አይበጠስም፤ የእጁ ፈትል ልል ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ይህን ያወጣው መሐንዲስ አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለው እግር ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነበር። ባለጉዳይዋ ክሯን ራሷ ፈትላ ታመጣለች፣ ሸማኔው የእጁን ዋጋ በብር ወይም በእህል ይቀበላል። እህል መሆኑ ለአባቶቻችን ትልቅ ነገር ነበር፤ መሬት የሌለው ሰው ጎተራ የሚሞላው በመወርወሪያው ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. አገሩን ሲመታ ሸማኔውን እጥፍ የመታው በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ገበሬው እህል ሲያጣ መጀመሪያ የሚተወው አዲስ ልብስ ነውና።

እንግዲህ ወደ ስድቡ እንመለስ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ያንን ቀሚስ የሠራው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይናገርም። ጎረቤታችን ከአባቶቻችን እጅ የወጣውን ነጠላ ለብሶ በዓል ይወጣል፤ ማታ ደግሞ “ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ” ብሎ ልጆቹን ያስፈራራል። በእሳት የሚሠራው ብረት ሠሪ በቡዳነት ሲጠረጠር ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም አብረው ተቆጠሩ። ስድቡ ከቤት ቤት የሚለያይ ነበር። ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ”፣ ብረት ሠሪውን “ጠይብ” ይሉት ነበር። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ሸማኔውም ብረት ሠሪውም በስም ተጠቅሰዋል። አዋጁ ጥሩ ነበር። ግን አዋጅ ገበያ ላይ ይነበባል፣ ስድብ እሳት ዳር ይነገራል።

እውነቱን እንናገር ካልን መራራቁ ከኛም በኩል ነበር። አባቶቻችን የኦሪትን የንጽሕና ሕግ ስለሚጠብቁ ከሌላው ጋር አይነካኩም፤ ገበያ ውለው ሲመለሱ ታጥበው ነው ቤት የሚገቡት። በኛ ሰፈር ባለጉዳይዋ ልቃቂቷን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፣ አባታችን ያነሡታል፤ ሲያልቅም ጨርቁ እንደዚያው ነበር የሚሰጣት። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሳይነካኩ አንዱ የሌላውን ገላ የሚያለብስበት ኑሮ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን ይህን ስናይ የሚገርም ነገር መሆኑን እንኳ አናውቅም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ኦሪት ስለ ሸማኔ የምትናገረው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 35 የማደሪያው ድንኳን ሲሠራ ባስልኤልና ኤልያብ ልባቸው በጥበብ እንደተሞላ ተጽፏል፤ እዚያው ላይ ከሚቆጠሩት ጥበበኞች መካከል ጠራቢው አለ፣ ጥልፍ ሠሪው አለ፣ በመጨረሻም ሸማኔው አለ። ከዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ በእጃቸው የፈተሉት ሴቶች ልበ ጥበበኞች ተብለዋል። ቄሶቻችን ይህንን በግዕዝ አንብበውታል። አባቶቻችን ቅዳሜ ይህንን ሰምተው ሰኞ ገበያ ላይ ቁጢት በጣሽ ይባላሉ። ታዲያ የትኛው ቃል አሸነፈ? ያ ቅጽ ላይ የተጻፈው ይመስለናል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን አዋጅ አወጀ፤ እ.ኤ.አ. 1975 መሆኑ ነው። ስንት መቶ ዓመት በኋላ የኛ ሰው በሕግ መሬት ተሰጠው። በየቦታው እኩል አልሆነም፤ አንዳንዱ ጥሩ መሬት አገኘ፣ ሌላው ድንጋዩ ደረሰው፣ ባለርስት የነበረው ደግሞ ቂም ያዘ። ቢሆንም “ገበሬ” የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቶቻችን የተፈቀደው ያኔ ነው። አባታችን አሁንም ያችን መሬት በጥማድ ቆጥረው ይነግሩናል። ስለ ሠሩት ጋቢ ብዛት ግን ተናግረው አያውቁም ነበር።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በሱዳን በኩል የተጓዙት ወገኖቻችን ይዘው የወጡት ነገር ቢኖር ጋቢ ነው። ቀን ጥላ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ለሕፃን ማዘያ ሆነ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ከተረፉት ሽማግሌዎች እንደሰማነው ብዙዎቹ የተቀበሩት በዚያው በለበሱት ጋቢ ተጠቅልለው ነው። የአንድ ሸማኔ የእጅ ሥራ እስከምን ድረስ ሰውን እንደሚሸኝ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አናውቅም፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ይሻላል።

ዘመቻ ሙሴ ያበቃው እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ነው። በዚያው ዓመት ምን ሆነ መሰላችሁ? አታ የሚባለው የቂርያት አታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ክር ፈትሎ፣ ጨርቅ ሠርቶ፣ ሠራተኛውንም ወታደሩንም ያለበሰ፣ በዚህ አገር ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ነበር። ዲሞና ውስጥ ኪታን አንሶላና ፎጣ ይሠራ ነበር፣ ቂርያት ጋት ውስጥ ፖልጋት ነበር። እነሱም ጊዜያቸው እያለቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከዮርዳኖስ ጋር ሰላም ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የስፌት ሥራው ብዙው ርካሽ ጉልበት ወዳለበት፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ተሻገረ። እንግዲህ አስቡት፦ ሸማኔዎቹ በአውሮፕላን ሲገቡ ሽመናው በጭነት መኪና እየወጣ ነበር። አባታችን ያን ቀን “ሸማኔ ነኝ” ብለው ቢሆን ኖሮ ሌላ ኑሮ ይጠብቃቸው ነበር ብለን ራሳችንን አናታልልም። ከኛ ሰዎች መካከል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገቡም ነበሩ። አንድ የምናውቃቸው ሽማግሌ ሌሊት የማሽኖቹን አዳራሽ ይጠርጉ ነበር። “ድር ሲበጠስ ከድምፁ አውቀው ነበር። ግን እኔ የያዝኩት መጥረጊያ ነው፤ ማን ይሰማኛል” አሉን።

የእናቶቻችን ሥራ እንኳ ትንሽ ተርፏል። ሸክላው ሙዚየም ገብቷል። አዲስ አበባና ጎንደር ላይ በመጠባበቂያ ግቢዎች እናቶቻችን የጠለፉት የሐላ መሸፈኛና የትራስ ልብስ በየአሜሪካ አይሁዳዊ ቤት አለ። የሸማኔው ሥራ ግን የት አለ? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሸክላ ከተሰበረም ስባሪው ይቀራል፣ ጨርቅ ግን ተለብሶ ያልቃል። ለጎረቤት ተሽጧል፣ ታጥቧል፣ ተቀዷል። ሸማኔ ስሙን ጨርቁ ላይ አይጽፍም።

ደግሞስ ማለቅ ራሱ እንዴት ያለ ማለቅ ነበር! አዲስ ጋቢ ለክብር ይለበሳል። ሲያረጅ የሌሊት ልብስ ይሆናል። ሲሳሳ ይታጠፍና የልጅ ማዘያ ይሆናል፤ ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ የእንጀራ መሸፈኛ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ፣ መጨረሻ ላይ የኩራዝ ክር ሆኖ ይነድና ብርሃን ሰጥቶ ያልፋል። ቆሻሻ የሚባል አልነበረም። አሁን በካንዮን ስናልፍ “ተፈጥሯዊ ጥጥ፣ በእጅ የተሠራ፣ ለአካባቢ የሚስማማ” ተብሎ የሶፋ ልብስ በብዙ መቶ ሰቅል ይሸጣል። ቀርበን ስናየው ከናታችን ቁም ሣጥን ካለው ጋቢ የሳሳ ነው። በነገራችን ላይ ጥጥ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም ልክ አይደለም። ጥጥ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ የአራል ባሕር የሚባለው ትልቅ ሐይቅ የደረቀው በዋናነት ለጥጥ እርሻ ወንዞቹ ስለተጠለፉ ነው። የጋቢ ጥቅሙ ጥጥ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ማገልገሉ ነው።

የዛሬው የበዓል ልብሳችን ግን እያሳሰበን ነው። ለሲግድና ለሠርግ የሚሸጠው “የሀበሻ ቀሚስ” ብዙው በማሽን የተሠራ ፖሊስተር ሆኗል፣ ጥበቡም የታተመ ነው። ርካሽ ስለሆነ እንረዳለን፤ ማንንም አንወቅስም። ግን ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው፤ በታጠበ ቁጥር የማይታይ ቅንጣት እየጣለ በውኃው ይሄዳል፣ ላብ አይጠጣም፣ ሲቀደድም ለኩራዝ ክር እንኳ አይሆንም። እውነተኛውን ለመለየት ከፈለጋችሁ ከዳር አንድ ክር ምዘዙና ለኩሱት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጠር ይሆናል። ሐኪም ቤት ወይም ቄስ አያስፈልግም። ሻዓትኔዝ የሚያሳስበው ሰው ካለም፣ ኦሪት የከለከለችው ሱፍና ተልባ አንድ ላይ መቀላቀልን ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ከዚህ ነጻ ነው።

እናቶቻችን ነጩን ልብስ በእንዶድ ነበር የሚያጥቡት። እዚህ እንዶድ የለም። ግን ስንት ጋቢ በኤኮኖሚካ ተበልቶ፣ ስንቱ በሜያቤሽ ውስጥ ተኮማትሮ ለልጅ እንኳ አልበቃ እንዳለ አይተናል! ለብ ባለ ውኃ፣ ቀለል ባለ ሳሙና፣ ከዚያ ጥላ ያለበት ነፋስ ላይ ማስጣት ይበቃዋል። ይህንን ለልጆቻችሁ ሚስቶችና ባሎች ንገሩልን፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት እነሱ ናቸው፣ አያውቁማ።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናችኋለን። የሸማኔው ዕቃ ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የወልቃይቱ ከደምቢያው፣ የቋራው ከስሜኑ አንድ አይደለም። ማጉን መትቶ የሚያጠብቀውን፣ ጨርቁ የሚጠቀለልበትን እንጨት፣ እግር የሚረግጠውን ምን ትሉት ነበር? በሰፈራችሁ ስም ጻፉልን፤ መጻፍ የማይመቻችሁ ለልጅ ልጅ አስቀርጻችሁ በድምፅ ላኩልን። ከኛ ትውልድ እነዚህን ቃላት በሙሉ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

በመጨረሻ የሆነውን እንንገራችሁ። የእህታችን ልጅ በትምህርት ቤት የሾራሺም ሥራ ተሰጣት፤ ስለ ቤተሰቧ ጠይቃ ጽፋ የምታቀርበው ማለት ነው። ወረቀቷን ይዛ አባታችን አጠገብ ተቀመጠች። የሳባ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ወደ አገር የገቡበት ዓመት። ከዚያ ያው መስመር መጣ፦ ሙያ። እኛ ሁላችንም ጸጥ አልን። አባታችን ስኒያቸውን አስቀመጡና “ሸማኔ” አሉ።

ልጅቱ ቃሉን አታውቀውም። “ኦሬግ” ብለን ነገርናት። እሷም ቀና ሳትል ጻፈችው፤ ለሷ እንደ አናጢ፣ እንደ ሾፌር፣ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው። አባታችን ትንሽ ቆዩና “ገበሬም ጨምሪበት፣ በሲሶም ቢሆን አርሻለሁ” አሉ። ጨመረችው። ከዚያ ከሥሩ ሥዕል መሳል ጀመረች፤ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ እንጨት ቆሞ፣ ክር ተዘርግቶ። አባታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩትና እርሳሱን ከእጇ ወሰዱ።

“ወንበሩን አጥፊው” አሏት። “እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው።”